በሞተር ውስጥ ስለሚጋገር ጥቀርሻ

እንጨት በሚነድበት ማድቤት ቆሞ ወደ ጣራው ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው ሁሉ ጥቀርሻ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ጭሱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያስቀረ ይወጣና ከዓመታት በኋላ ጣራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። እንጨቱ እርጥብ የሆነ እንደ ሆነ ጥቀርሻው ይበዛል፤ በሩ ተዘግቶ አየር ያጠረ እንደ ሆነ ደግሞ ከዚያ የባሰ ይሆናል። ይህን እናቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። እኔ ግን ይኸው ነገር በመኪና ሞተር ውስጥ እንደሚደርስ፣ ይልቁንም የምንኖርበት የአቃቂ በሰቃ ከፍታ ነገሩን እንደሚያብሰው የተረዳሁት ባለፈው ክረምት አባቴ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድርበት ላዳ ታክሲ ታሞ በቆመ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ያየሁትንና የተማርሁትን፣ በኋላም ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ትምህርታችን ጋር ያመሳከርሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆች እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

መኪናው ላዳ 1200 የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት መኪና ከጣሊያኑ ፊያት 124 ተወርሶ በሶቪየት ኅብረት በቶልያቲ ከተማ በ1962 ዓ.ም. መሠራት የጀመረ ሲሆን፣ ፋብሪካው ይህን ዓይነት መሥራት ካቆመ ከ30 ዓመት በላይ አልፎታል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ግን ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ እስከ ዛሬ ሲሠራ እናየዋለን። ምናልባት አንዳንድ ሰው «ይህን አሮጌ ትቶ አዲስ አይገዛም ወይ?» ይል ይሆናል። አዲስ መግዛት ለባለ ታክሲ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች እንደ እርሻ በሬ ተጠብቀው መሥራት ያለባቸው ሆነዋል።

ሕመሙ እንዲህ ነበር። መኪናው ሰው ጭኖ ዳገት ሲይዝ ከሞተሩ ውስጥ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ ያለ ድምፅ ይሰማ ጀመር። አቅሙ ደከመ፤ ቤንዚን መጠጣቱም በዛ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን፣ አባቴ ቁልፉን አዙሮ ከዘጋው በኋላ እንኳ ሞተሩ አልጠፋ ብሎ አምስት ስድስት ጊዜ ይንፈራገጥ ነበር። ጎረቤቶች ይህን እያዩ ይስቁ ነበር፤ አባቴ ግን አልሳቀም።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። እዚያም ካንዴላዎቹን ፈትተው በየቀዳዳው የግፊት መለኪያ እያስገቡ ሞተሩን በማስነሻው አሽከረከሩና፣ ከመጀመሪያው ሲሊንደር 10፣ ከሁለተኛው 10፣ ከሦስተኛው 6፣ ከአራተኛው 9 ተኩል አገኙ። (ቁጥሩ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፈው ኪሎግራም ነው።) ከዚያም «መጽሐፉ 12 ይላል፤ ከአራቱ አንዱም አልደረሰም፤ ስለዚህ ሞተሩ አልቋልና ወርዶ ሲሊንደሩ በቶርኖ ይስፋ፣ ፒስተኑም ይለወጥ» ብለው ፈረዱ። የጠየቁት ገንዘብ አባቴ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ የማያተርፈው ነበር። መኪናው ደጃችን ላይ ቆመ። በዚያው ሰሞን አባቴና እናቴ እኛ የተኛን መስሏቸው ስለ እኔና ስለ እኅቴ የትምህርት ወጪ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ።

በሰፈራችን ብዙ ዘመን በመካኒክነት ሠርተው አሁን በጡረታ ያሉ አንድ ሽማግሌ አሉ። አባቴ ሄዶ ነገሩን ቢያጫውታቸው በማግሥቱ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ወረቀት አይተው ወደ እኔ ዞሩና፣

«አንተ ልጅ፣ ተማሪ ነህ አይደል? ይህ 12 የሚለው መጽሐፍ የት አገር ነው የተጻፈው?» አሉኝ።

«ሩሲያ ይመስለኛል፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«አቃቂ አልተጻፈማ!» ብለው ሳቁ።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት ላስረዳ። በባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ የሚጫነው 760 ሚሊሜትር ያህል የሜርኩሪ ዐምድ ነው። አቃቂ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ በእኛ ዘንድ አየሩ የሚሸከመው 590 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም የባሕር ጠረፉ ከመቶ 78 እጅ ማለት ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የሚጨምቀው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው፤ ስለዚህ መለኪያው የሚያሳየውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ 12 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አቃቂ ሲመጣ 12ን በ78 አባዝተን ለ100 ስናካፍል 9.36፣ ማለትም ከ9 ተኩል ያነሰ ያሳያል። እንግዲህ 10 ያሳዩት የእኛ ሲሊንደሮች አላለቁም፤ እንዲያውም ከሚገባቸው በላይ አሳይተዋል። በእውነት የታመመው ሦስተኛው ብቻ ነበር። መለኪያውም መጽሐፉም አልዋሹም፤ ሁለቱን ያገናኛቸው ሰው ከፍታውን መቁጠር ረሳ እንጂ።

ሽማግሌው ሦስተኛውን ሲሊንደር ለመመርመር በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሰው እንደ ገና ለኩ። የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀው ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ግፊቱን ከፍ ያደርገው ነበር። መለኪያው ግን ከ6 ንቅንቅ አላለም። «እንግዲያስ የሚያፈሰው ከላይ ነው፤ ቫልቩ አልገጥም ብሏል» አሉ። ድምፁንና ቁልፍ ከተዘጋ በኋላ የሚያደርገውን መንፈራገጥ ደግሞ ከዚህ ጋር አያይዘው ሞተሩ ጥቀርሻ ጋግሯል ብለው ተናገሩ።

ጥቀርሻ ከየት ይመጣል? ቤንዚን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። በቂ ኦክሲጅን ያገኘ እንደ ሆነ ካርቦኑ ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑም ሁሉ የውሃ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ለዚህም አንድ ኪሎግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ያነሰ እንደ ሆነ ግን ከካርቦኑ ከፊሉ ሳይነድ ይቀርና ጥላሸት ይሆናል። ጥላሸቱ ብቻውን ቢሆን ዱቄት ስለ ሆነ ከጭሱ ጋር ይወጣ ነበር፤ በቀለበቶቹና በቫልቭ ዘንጎች ጎን ሾልኮ የሚገባው የሞተር ዘይት ግን እንደ ሙጫ ሆኖ ከፒስተኑ ራስና ከቃጠሎው ክፍል ጣራ ጋር ያጣብቀዋል። ከዚያ በኋላ እሳቱ በየጊዜው እየጠበሰ ያደርቀዋል። የአየር ማጣሪያው የተበላሸ እንደ ሆነ ደግሞ አቧራው በዚያ ውስጥ ገብቶ እንደ ሸክላ ያጠነክረዋል።

አሁን ወደ አቃቂ አየር እንመለስ። 14.7 ኪሎግራም አየር በባሕር ጠረፍ ላይ 12 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል፤ በእኛ አገር ግን ከ15 ሜትር ኩብ ይበልጣል። ካርቡራተር ያለው አሮጌ ሞተር ይህን አያውቅም። ካርቡራተሩ አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ በሚፈጥረው የመምጠጥ ኃይል ቤንዚን ይስባል፤ የሚሳበውም የቤንዚን ልክ የመምጠጡን ኃይል ዳግም ዘር ይከተላል። ስለዚህ የአየሩ ክብደት ከመቶ 22 እጅ ሲቀንስ፣ ቤንዚኑ የሚቀንሰው ከመቶ 12 እጅ ብቻ ነው። ልዩነቱን ብናሰላው፣ ለባሕር ጠረፍ ተብሎ የተስተካከለ ካርቡራተር አቃቂ ላይ ከሚገባው ይልቅ ከመቶ 13 እጅ ያህል ትርፍ ቤንዚን ለሞተሩ ያጠጣዋል። ይህ በሩ ተዘግቶ በማድቤት ውስጥ እንጨት እንደ መጨመር ነው። አዲሶቹ መኪናዎች አየሩን የሚለካ መሣሪያና ቤንዚኑን የሚያዝ ኮምፒዩተር ስላላቸው ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ላዳ ግን ሰው ካላስተካከለለት በቀር የፋብሪካውን ቁጥር እንደ ያዘ ይኖራል።

ሌላም ከከፍታው የሚመጣ ነገር አለ። በአቃቂ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ያህል ነው፤ ባቄላም በእኛ ቤት ከጅቡቲ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለው ስለዚሁ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ የሞተሩም ውሃ ቶሎ ይፈላል። አንዳንድ መካኒኮች ይህን ፈርተው ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። ቴርሞስታት ሞተሩ 80 ዲግሪ ያህል እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። እርሱ ከሌለ ሞተሩ በተለይ በክረምትና በማለዳ እንደ ቀዘቀዘ ይሠራል፤ በቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ደግሞ ቤንዚኑ በደንብ ስለማይተን ጥላሸት ይበዛል። የእኛን መኪና ብንፈታው የቴርሞስታቱን ቤት ባዶ ሆኖ አገኘነው። አባቴ መኪናውን ሲገዛው ጀምሮ እንደዚያ ሳይሆን አልቀረም።

ሥራው ሁለት ቅዳሜና በመካከሉ ያሉትን ምሽቶች ፈጀ። ለሚሠራው ሰው ይረዳ ዘንድ በቅደም ተከተሉ እተርካለሁ፤ ነገር ግን ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ሳይኖር እንዳይጀምረው እለምነዋለሁ።

በመጀመሪያ ሞተሩ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት። የባትሪውን ገመድ ነቀልን፤ ውሃውን አፈሰስን፤ ካርቡራተሩንና የጢስ መውጫውን ቧንቧ ለየን። ሞተሩንም በእጅ አዙረን በካምሻፍቱ ጥርሳም መዘውር ላይ ያለውን ምልክት በቤቱ ላይ ካለው ምልክት ጋር አገጣጠምን፤ በኋላ ስንመልሰው ቫልቮቹ ጊዜያቸውን እንዳይስቱ ይህ ግድ ነው። መዘውሩ ሲወጣ ሰንሰለቱ ወደ ታች ከወደቀ ሥራው እጥፍ ይሆናልና በሽቦ አሥረን አንጠለጠልነው። ለእያንዳንዱ ቫልቭ ዕቃ በካርቶን ላይ ስምንት ቀዳዳ በስቼ ቁጥር ጻፍሁበት፤ ሽማግሌው ከሥራዬ ሁሉ ያመሰገኑት ይህንን ነው። የሲሊንደሩ ክዳን፣ የጋራዥ ሰዎች ቴስታታ የሚሉት፣ አሉሚኒየም ስለ ሆነ ብሎኖቹን ከዳር ወደ መካከል፣ እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት እያላሉ መፍታት ይገባል። አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ክዳኑን ያጣምመዋል።

ቴስታታው ሲነሣ ያየሁትን አልረሳውም። አራቱም ፒስተኖች ዓመት ሙሉ እንዳልታጠበ የቡና ጀበና ቂጥ ጠቁረው ነበር። በሦስተኛው ሲሊንደር የጢስ መውጫ ቫልቭ ላይ አንድ የጥቀርሻ ቅርፊት በመቀመጫው ላይ ተጣብቆ ቫልቩ እንዳይገጥም አድርጎት ተገኘ። ያ ሁሉ ገንዘብ የተጠየቀበት ሕመም ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ቅርፊት ነበረች።

የፊዚክስ መምህራችን ፈቅደውልኝ ከቤተ ሙከራው የተዋስሁት ካሊፐር ነበረኝና የጥቀርሻውን ውፍረት ብለካው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሆነ። ግማሽ ሚሊሜትር ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር የሚከተለውን ይመልከት። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ስፋት 76 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 66 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ አንዱ ፒስተን የሚጠርገው ቦታ 299.4 ሴንቲሜትር ኩብ ይሆናል፤ አራቱ ሲደመሩ 1,198 ያህል ይመጣሉ፤ 1200 መባሉም ከዚህ ነው። ፋብሪካው የሰጠው የመጨመቅ ልክ 8.5 ለ1 ስለ ሆነ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 299.4ን ለ7.5 ስናካፍል 40 ሴንቲሜትር ኩብ ያህል ነው። አሁን የፒስተኑ ራስ ስፋት 45 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በእርሱና በጣራው ላይ ግማሽ ግማሽ ሚሊሜትር ጥቀርሻ ቢለጠፍ 4 ተኩል ሴንቲሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ከ40 ላይ 4 ተኩል ሲቀነስ 35 ተኩል ያህል ይቀራል፤ የመጨመቁም ልክ ከ8.5 ወደ 9.4 ከፍ ይላል። ለ8.5 ታስቦ የተሠራ ሞተር በዚያው ቤንዚን 9.4 ሲጨምቅ ድብልቁ እሳቱ ሳይደርስበት ራሱን እያቀጣጠለ ያንኳኳል። የጠጠሩ ድምፅ ይህ ነበር። ጥቀርሻው ደግሞ ሙቀት ስለማያስተላልፍ ጫፍ ጫፉ እንደ ፍም ይግላል፤ ቁልፍ ተዘግቶ ካንዴላው እሳት መስጠቱን ካቆመ በኋላ እንኳ ያ ፍም ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል። ጎረቤቶቻችን ይስቁበት የነበረው መንፈራገጥ ምክንያቱ እንግዲህ ይኸው ነው። መለኪያው በጤነኞቹ ሲሊንደሮች ከሚገባው በላይ 10 ያሳየውም ቦታው ስለ ጠበበ ነበር።

መፋቁ ትዕግሥት ይጠይቃል። የውሃና የዘይት መተላለፊያዎችን ሁሉ በጨርቅ ደፈንን፤ ያስገባነውንም ጨርቅ ቆጥረን ጻፍን፤ አንዱ ተረስቶ ቢቀር ሞተር ይገድላልና። ሁለቱን ፒስተኖች ወደ ላይ አውጥተን በዙሪያቸው ባለው ክፍተት ግሪስ ቀባን፤ የሚረግፈው ብናኝ ወደ ታች እንዳይገባ ግሪሱ ይይዘዋል፤ በኋላ ፒስተኑ ሲወርድ ግሪሱ ከብናኙ ጋር በግድግዳው ላይ ይቀርና ይጠረጋል። ጥቀርሻውን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ሸፍነን አሳደርነው፤ ሲነጋ ለስልሶ ነበር። መፋቂያችን ሽማግሌው ራሳቸው የጠረቡት የወይራ እንጨት ነው። ብረት የተከለከለበት ምክንያት አሉሚኒየም ለስላሳ ስለ ሆነ ነው፤ የተጫረበት ስፍራ ደግሞ አዲስ ጥቀርሻ የሚይዝበት ሥር ይሆናል።

እኔ ግን በሁለተኛው ምሽት ቸኩዬ ካቻቢቴ አነሣሁና በቴስታታው ገጽ ላይ አንድ ጭረት አወጣሁ። ሽማግሌው ጣታቸውን በጭረቱ ላይ እያሳለፉ «ጥቀርሻው ሌላ ጊዜም ይፋቃል፤ የተፋቀ አሉሚኒየም ግን አይመለስም» አሉና እስኪመሽ ድረስ አላናገሩኝም። ደግነቱ ጭረቱ ከጓርኒሲዮኑ መቀመጫ ውጭ ነበር። ካቻቢቴውን አባቴ ወስዶ ቆለፈበት።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር፣ የፒስተኑን ራስ ስንፍቅ በጠርዙ ዙሪያ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው የጥቀርሻ ቀለበት እንዲተው አዘዙ። በአሮጌ ሞተር ይህ ቀለበት ዘይት ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለሚያግድ፣ እርሱን ሁሉ የነቀለ ሰው ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ያያል። እኔ ንጹሕ ማለት ፈጽሞ ንጹሕ ማለት ይመስለኝ ነበር።

ስለ ጤንነትም ማስጠንቀቅ ይገባል። ጥቀርሻውን በደረቁ መፋቅና በአፍ እፍ ማለት ክልክል ነው። ቀድሞ ቤንዚን እንዳያንኳኳ እርሳስ ይጨመርበት ነበር፤ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ይህ በ1998 ዓ.ም. ቀርቷል፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2013 ዓ.ም. አቁማለች። ነገር ግን ከዚያ በፊት ጀምሮ ያልተፈታ ሞተር ውስጥ የእርሳስ መርዝ ሊኖር ይችላል፤ በአሮጌ ጓርኒሲዮኖችም ውስጥ አስቤስቶስ አለ። ስለዚህ ሁሉን በርጥቡ ሠራን፤ አፍና አፍንጫችንን ሸፈንን፤ እንጀራ ከመቁረሳችን በፊት በሳሙና ታጠብን። በቤንዚን እጅ መታጠብ በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም ለቆዳም ለእሳትም አደገኛ ነው።

ስምንቱንም ቫልቮች አውጥተን በሽቦ ብሩሽ አጸዳን፤ ለዚሁ በሚሸጠው ሻካራ ቅባት ወዲያና ወዲህ እያሽከረከርን ከመቀመጫቸው ጋር ፈተግናቸው። መግጠማቸውን ለማወቅ በመተላለፊያው ነጭ ጋዝ አፍስሰን አሥር ደቂቃ ጠበቅን፤ አላንጠባጠበም። በቫልቭ ዘንጎቹ ላይ ያሉት የዘይት መከልከያ ጎማዎች እንደ ብስኩት ደርቀው ስለ ነበር ሁሉም ተለወጡ። ከዚያ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርገን ቴስታታውን መለስን። ትልልቆቹ ብሎኖች በዚህ ጊዜ የሚጠብቁት ከመካከል ወደ ዳር ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ወደ 4፣ በሁለተኛው ወደ 11 ኪሎግራም-ሜትር። የጥብቀቱን ልክ የሚያሳየውን መፍቻ ከሌላ ሰው ተዋስን። በቫልቭና በካምሻፍት መካከል የሚተወው ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ቁልፉን ከመንካታችን በፊት ሞተሩን በእጅ ሁለት ጊዜ አዙረን ምልክቶቹ መገጣጠማቸውን አየን።

ሳይፈቱ ጥቀርሻ ማጽዳት ይቻላል የሚሉም አሉ። በሚሠራ ሞተር ካርቡራተር ውስጥ ውሃ ማንጠባጠብ የቆየ ዘዴ ነው፤ እንፋሎቱ ጥቀርሻውን ጥቂት ያረግፋል፤ ነገር ግን ውሃው የበዛ እንደ ሆነ አይጨመቅምና ሞተሩን ይሰብራል። ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀሉ መድኃኒቶች ለስስ ጥላሸት ይረዱ ይሆናል እንጂ በቫልቭ ሥር የተጋገረውን አያነሡም። ከእነዚህ የሚሻለው መኪናውን በጤንነቱ ጊዜ አልፎ አልፎ ረጅም መንገድ፣ ለምሳሌ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ፣ ሞተሩ በደንብ እንዲሞቅ አድርጎ መንዳት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሰፈር ውስጥ ቆም ሄድ ማለት ጥቀርሻ ያራባልና።

ሞተሩ በሁለተኛው ቅዳሜ ወደ ማታ ተነሣ። ግፊቱን ብንለካው 9፣ 9 ከሩብ፣ 9፣ 9 ሆነ። አባቴ ደነገጠና «ይህን ሁሉ ደክመን ከ10 ወደ 9 አወረድነው ወይ?» አለ። ሽማግሌው ዝም ብለው ወደ እኔ አመለከቱ፤ እኔም ከላይ የጻፍሁትን ስሌት በደብተሬ ላይ አሳየሁት። ሦስተኛው ከ6 ወደ 9 መውጣቱ ቫልቩ መዳኑን፣ ሌሎቹ ከ10 ዝቅ ማለታቸው ጥቀርሻው መወገዱን፣ አራቱም መቀራረባቸው ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን ያሳያሉ። አባቴ ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ቁልፉን ዘጋ። ሞተሩ ወዲያው ጸጥ አለ።

ሥራው ግን በዚህ አላለቀም፤ ምክንያቱ ካልተወገደ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ገና እዚያው ነን። ስለዚህ አዲስ ቴርሞስታትና ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳን ተገዛ። ከካርቡራተሩ ውስጥም ቤንዚኑን የምትመጥነዋን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን አወጣን። በላይዋ 135 ተብሎ ተቀርጾባታል፤ ይህም የቀዳዳዋ ስፋት 1.35 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። በእርሷ ፋንታ 130 የተጻፈባት ገባች። የሚያልፈው ቤንዚን የቀዳዳውን ስፋት ካሬ ስለሚከተል፣ ይህ ለውጥ ቤንዚኑን ከመቶ 7 እጅ ያህል ይቀንሰዋል። ትርፉ 13 ሆኖ ሳለ ለምን 7 ብቻ እንደ ቀነስን ጠይቄ ነበር። ሽማግሌው የመለሱልኝ፣ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ይጠቁራል እንጂ አይሞትም፤ ቤንዚን ያነሰበት ግን ቫልቩን ያቃጥላል፤ መኪናም ወደ ቆላ መውረዱ አይቀርም ብለው ነው። አዳማ 1,700 ሜትር፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ነውና በዚያ አየሩ ይወፍራል።

ከወር በኋላ ካንዴላዎቹን ፈትተን አየናቸው። ቀድሞ እንደ ከሰል ጥቁር የነበሩት የማኪያቶ መልክ ይዘዋል። አባቴ በሚጽፍበት ደብተር መሠረት መኪናው በአንድ ሊትር ቤንዚን የሚሄደው ከቀድሞው አንድ ኪሎሜትር ያህል ጨምሯል። 135 የተጻፈባት ብሎን በክብሪት ቤት ውስጥ በጥጥ ተጠቅልላ በመኪናው መሳቢያ ተቀምጣለች፤ በክዳኑም ላይ «ለድሬዳዋ» ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ።